ቢሮ ውለው ወገብና አንገት ለሚያማቸው፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማታ 11:30 ላይ ከሰንጋ ተራና ከካዛንቺስ ፎቆች የሚወጣውን ሠራተኛ ልብ ብለው ይዩት። ወገቡን የሚይዝ፣ አንገቱን የሚያሽ፣ እጁን የሚያራግፍ አይጠፋም። ብዙዎቹ ገና ወጣቶች ናቸው። ይህ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሕመም የሚመጣው ቢሮ ውስጥ በየቀኑ ከምንደጋግማቸው፣ ሊታረሙ ከሚችሉ ስህተቶች ነው።

“ኩላሊቴን ነው” ወይም “ብርድ ነው” ብሎ ማለፍ

ወገባችንን ሲያመን መጀመሪያ የምንጠረጥረው ኩላሊትን ነው። አንገት ሲይዘን ደግሞ “ብርድ መታኝ” እንላለን። መስኮቱ ይዘጋል፤ አቀማመጡ ግን እንደነበረው ይቀጥላል። ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣ የወገብ ሕመም ሲቀመጡ፣ ሲነሱና ጎንበስ ሲሉ ይለዋወጣል። የኩላሊት ሕመም ብዙውን ጊዜ ከጎድን አጥንት ሥር በጎን በኩል ይሰማል፤ እንደ አቀማመጥዎም አይቀያየርም። ትኩሳት ወይም የሽንት ለውጥ ሊኖረው ይችላል። ከተጠራጠሩ የሽንት ምርመራ ያድርጉ። ሰኞ ጠዋት ሻል ብሎት ዓርብ ማታ የሚብስ ከሆነ ግን ወንበርዎን ይጠርጥሩ።

ላፕቶፑን እንዳለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መዋል

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። የላፕቶፕ ስክሪንና ኪቦርድ የተያያዙ ናቸው። ለእጅዎ እንዲመች ዝቅ ካደረጉት አንገትዎ ይጎነበሳል። ለአንገትዎ ብለው ከፍ ካደረጉት ደግሞ ትከሻዎ ይሰቀላል። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። አንገት ቀጥ ሲል ክብደቱን አከርካሪው ይሸከመዋል። ወደፊት ሲያዘነብል ግን የአንገትና የትከሻ ጡንቻዎች ቀኑን ሙሉ ወጥረው ሊይዙት ይገደዳሉ። ማታ ትከሻዎ ላይ ድንጋይ የተጫነ የሚመስልዎ ለዚህ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ከላፕቶፑ ሥር ሁለት ሦስት ደስታ ወረቀት ያስቀምጡ። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንዎ ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። ርቀቱ የአንድ ክንድ ያህል ይሁን። ከዚያ ለብቻው ኪቦርድና ማውስ ይሰኩ። ይህን ሳያደርጉ ላፕቶፑን ብቻ ከፍ ማድረግ ሕመሙን ከአንገት ወደ ትከሻ ማዛወር ነው። ቅርብም ሩቅም የሚያሳይ መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ ስክሪኑን ከዚህም ዝቅ ያድርጉት። አለዚያ አገጭዎን ሽቅብ አንስተው ይውላሉ።

ወንበሩን በተገኘበት ከፍታ መተው

እግርዎ መሬት ይንካ፤ ሲጽፉ ክርንዎ ከጠረጴዛው እኩል ይሁን። ጠረጴዛው ከፍ ካለብዎ ወንበሩን ከፍ አድርገው ከእግርዎ ሥር ጠንካራ ካርቶን ያስገቡ። መደገፊያው ወገብዎን ካልደረሰ ሹራብ ጠቅልለው ከቀበቶዎ በላይ ይወሽቁ። የኃላፊ የሚባለው ትልቅ የቆዳ ወንበር ደግሞ አያታልልዎ። ለስላሳ ስለሆነ ብቻ ለወገብ ይስማማል ማለት አይደለም። ወንዶች፣ ዋሌታችሁን ከኋላ ኪስ አውጥታችሁ ተቀመጡ።

ከወንበር ወደ ወንበር መዋል

ቢሮ እንቀመጣለን። ምሳ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይበላል። ማኪያቶም ተቀምጦ ነው፤ ታክሲም እንደዚያው። ምርጥ ወንበር እንኳ ቢኖርዎ ሳይንቀሳቀሱ መዋል ጡንቻን ያደርቃል። ቢያንስ በየ30 ደቂቃው ለአንድ ሁለት ደቂቃ ብድግ ይበሉ። ስልክ ቆመው ያናግሩ። ጎረቤት ክፍል ላለው ባልደረባ በቴሌግራም ከመጻፍ ሄደው ይንገሩት። ባንክ ውስጥ ቴለር ለሆኑ ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰልፉ ፋታ አይሰጥም። ቢሆንም በደንበኛና በደንበኛ መሃል ትከሻን ወደ ኋላ ማዞርና ብሩን ቆሞ መቁጠር ይቻላል። ሥራ ሲያልቅ ደግሞ ከስታዲየም ሜክሲኮ ያለውን መንገድ በእግር ይሞክሩት።

የእጅ መደንዘዝን መናቅ

አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሃል ጣት ሲደነዝዙ፣ ሌሊትም እጅ ለማራገፍ ሲነቁ፣ በእጅ አንጓ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ተጨቁኖ ሊሆን ይችላል። አንጓዎን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አይጫኑ፤ ሲጽፉም ቀጥ ይበል። ከቆየ ሐኪም ያሳዩ። ነርቭ ለረጅም ጊዜ ከተጨቆነ የአውራ ጣት ጡንቻ ይሟሽሻል።

ዳይክሎፌናክ እየዋጡ መክረም፣ አከርካሪን ለወጌሻ መስጠት

ዳይክሎፌናክ ሕመሙን ያስታግሳል፤ አቀማመጥን ግን አያስተካክልም። ሲደጋገም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ወጌሻ በሕዝባችን ዘንድ የተከበረ ሙያተኛ ነው፤ ሆኖም ሳይመረመር አከርካሪን ማስጎተት አደገኛ ነው። የወገብ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። እግር ከዛለ፣ በጭን መሃል ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ደግሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው።

ችግሩን የግል አድርጎ መያዝ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ስለዚህ ወንበር መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። በአንድ ክፍል ያላችሁ ሠራተኞች ተሰብሰቡና የሚያስፈልገውን ዘርዝራችሁ በጽሑፍ ለሰው ሀብት አስገቡ፦ ለብቻው ኪቦርድና ማውስ፣ ከፍታው የሚስተካከል ወንበር፣ የእግር መርገጫ። ደብዳቤው ላይ ቀን ይጻፍበት፤ ቅጂውም በእጃችሁ ይቅር።