የካራቫን ማዕዘን እግሮችን በባትሪ ድሪል ማውረድና ማንሳት

በብሪታንያም ሆነ በሌሎች የአውሮፓ አገሮች በመኪና የሚጎተት ካራቫን (በጎማ ላይ ያለ ማደሪያ ቤት) ይዞ ለእረፍት የሚወጣ ሰው፣ ማረፊያው ሲደርስ ከሚጠብቁት ሥራዎች አንዱ በአራቱ ማዕዘን ከወለሉ ሥር ታጥፈው የተቀመጡትን ደጋፊ እግሮች ማውረድ ነው። እያንዳንዱ እግር የሚወርደውም ሆነ የሚነሳው ረጅም ጥርስ ያለው ዘንግ ሲዞር ስለሆነ፣ ሥራው በእጅ ማዞሪያ ሲከናወን በእርጥብ ሣር ላይ ተንበርክኮ ደጋግሞ ማዞርን ይጠይቃል። በባትሪ የሚሠራ ድሪል ይህን ድካም ያስቀራል፤ ነገር ግን የድሪሉ ድርሻ እግሩን ወደ መሬት ማቅረብ ብቻ ነው፤ ማጥበቁ ለእጅ የሚተው ሥራ ነው።

እነዚህ እግሮች ክሪክ አይደሉም። የተሠሩት ካራቫኑ ሰው ሲራመድበት እንዳይወዛወዝ ነው እንጂ ክብደቱን ተሸክመው እንዲያነሱት ወይም እንዲያስተካክሉት አይደለም። በድሪል ኃይል ካራቫኑን ለማንሳት የሚሞክር ሰው እግሩን ሊያጎብጥ፣ እግሩ የታሰረበትንም ቦታ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ አስቀድመው የግራና ቀኙን ሚዛን ዝቅ ባለው ጎማ ሥር መወጣጫ በማስገባት በውሃ ልክ ያስተካክሉ፤ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፤ ለጎማዎቹ ታኮ ያድርጉ፤ ከዚያም ካራቫኑን ከመኪናው ፈትተው የፊትና የኋላውን ሚዛን ከፊት ባለችው ትንሽ ጎማ ያስተካክሉ። እግሮቹ የሚወርዱት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ባለ 18 ቮልት ተራ ድሪል ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። እየመታ የሚያዞረውን ዓይነት ማሽን ግን አልመክርም፤ ብሎን ለመፍታትና ለማጥበቅ የተሠራው ያ ምት የዘንጉን ጥርስና በላዩ የሚሄደውን ዳዶ ያለጊዜው ይበላል። በብዙ ካራቫኖች ላይ የሚገኙት አል-ኮ የተባለው ፋብሪካ እግሮች በዘንጋቸው ጫፍ ባለ 19 ሚሊሜትር ባለስድስት ጎን ራስ አላቸው፤ የእርስዎ ካራቫን የቆየ ወይም የሌላ ፋብሪካ ሥራ ከሆነ ግን ቡሶላ (በራሱ ላይ ገብቶ የሚያዞረውን ቁልፍ) ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ። የዘንጉ ራስ ከካራቫኑ ጠርዝ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ስለሆነ አጭር ቡሶላ አይደርስበትም፤ በድሪል አፍ የሚገባ ረጅም ማያያዣ ያስፈልጋል።

ሥራውን ሲጀምሩ በመጀመሪያ በእጅ ማዞሪያው ጥቂት ዙር አዙረው እግሩ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚወርድ ያረጋግጡ። የድሪሉን ማርሽ በዝግተኛው ላይ ያድርጉ። ከአፉ ኋላ ያለውን ቁጥር የተጻፈበትን ቀለበት ደግሞ ከዝቅተኛው ቁጥር ጀምረው እግሩ ያለችግር መንቀሳቀስ እስኪጀምር ድረስ ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉት። የመሰርሰሪያ ሥዕል ወዳለበት ቦታ ፈጽሞ አያምጡት፤ እዚያ ላይ ሲሆን ድሪሉ ጭነት ሲበዛበት ራሱን አያላቅቅም፤ እግሩ መሬት በነካ ቅጽበት ጉልበቱ በሙሉ ወደ እጅዎ አንጓ ይዞራል። ቡሶላው በዘንጉ ራስ ላይ በደንብ ከተቀመጠ በኋላ ብቻ ምላጩን ይጫኑ፣ ድሪሉንም ከዘንጉ ጋር በአንድ መስመር አቅንተው በሁለት እጅ ይያዙ። አንገት ላይ የተንጠለጠለ ሻሽ ወይም የተለቀቀ ፀጉር ካለ አስቀድሞ መሰብሰብ አለበት።

መሬቱ ለስላሳ ከሆነ በእያንዳንዱ እግር ሥር ሰፊ ጣውላ ያኑሩ። እግሩ ጣውላውን ሊነካ አንድ ጣት ያህል ሲቀረው ድሪሉን አቁመው ቀሪውን በእጅ ያዙሩ፤ ተቃውሞ ሲሰማዎት ትንሽ ብቻ ጨምረው ይተዉት። አራቱም ከወረዱ በኋላ እንደገና አንድ ዙር መፈተሽ ይገባል፤ የመጨረሻው ሲጠብቅ የመጀመሪያው ላልቶ ሊገኝ ይችላልና።

በማንሳት ጊዜ ያለው ችግር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እግሩ ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ ዳዶው የጉዞው ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ ድሪሉ እዚያ በፍጥነት ከመታው በኋላ በእጅ ማዞሪያ ለማላቀቅ እስኪያስቸግር ድረስ ሊነክስ ይችላል። ስለዚህ ከጫፉ ጥቂት ዙር ቀደም ብለው አቁመው በእጅ ይጨርሱ፤ ከመንቀሳቀስዎ በፊትም በካራቫኑ ዙሪያ ሄደው አራቱም መነሳታቸውን በዓይን ያረጋግጡ።

ቀድሞ በዝቅተኛ ቁጥር ይሠራ የነበረው ድሪል በዚያው ቁጥር መንሸራተት ከጀመረ ቁጥሩን አይጨምሩ። ዘንጉ በመንገድ ጭቃ ደርቋል ማለት ነውና በብሩሽ አጽድተው ስስ አድርገው ግራሶ ይቀቡት። የእጅ ማዞሪያውም ከካራቫኑ አይለይ፤ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፣ ጎረቤቶች ገና ተኝተው ሳለ በማለዳ ለሚነሳ ተጓዥ ደግሞ የድሪል ጩኸት ተገቢ አይደለም።