ደቢያን ሊኑክስን በድምፅ ብቻ ኢንስቶልና አፕግሬድ ማድረግ

ዓይነ ስውር ተጠቃሚ ሊኑክስን በራሱ እጅ ኢንስቶል ማድረግ ይችላል። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ደቢያን ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምሮ ይናገራልና። ዋናው ነገር ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነው፤ በኢንስቶል ወቅትና በጽሑፍ ኮንሶል (ትእዛዝ በጽሑፍ ብቻ በሚሰጥበት ስክሪን) የሚያነበው ኢስፒክአፕ፣ በዴስክቶፑ ላይ የሚያነበው ደግሞ ኦርካ ነው። አንዱ ዝም ሲል በሌላው ይገባሉ።

ዝግጅት

8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃል። ኢንተርኔትዎ የሚቆራረጥ ከሆነ ትንሹን የኔትኢንስት ፋይል ትተው የመጀመሪያውን ዲቪዲ ያውርዱ። ኔትኢንስት ዴስክቶፑን በሙሉ ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ መስመር ሲጠፋ ሥራው መሃል ላይ ይቆማል። ያወረዱትን ፋይል ሩፈስ በተባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም ወደ ፍላሹ ሲጽፉ ፕሮግራሙ ከጠየቀ ዲዲ ሞድን ይምረጡ። ዲስኩ ላይ ያለውን ፋይል አስቀድመው ሌላ ቦታ ይገልብጡ።

ኢንስቶል ማድረግ

ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ያስነሱ (ዴልና ሌኖቮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9)። የማይናገረው ይህ የኮምፒውተሩ ሜኑ ነው፤ በስልክ ካሜራ የቢ ማይ አይስ (ዓይነ ስውራንን ከሚያዩ ሰዎች ጋር በቪዲዮ የሚያገናኝ አፕ) በጎ ፈቃደኛ ሊያነብልዎ ይችላል። የደቢያን ሜኑ ሲከፈት ቢፕ ይላል፤ ያን ጊዜ የኤስ ፊደልን፣ ቀጥሎ ኢንተርን ይጫኑ። ብዙ ላፕቶፖች ይህን ቢፕ አያሰሙም። ምንም ካልሰሙ ጥቂት ሰከንዶች ጠብቀው ያንኑ ያድርጉ።

ከአንድ በላይ የድምፅ ካርድ ካለ (ኤችዲኤምአይም ራሱን የቻለ ካርድ ሆኖ ይቆጠራል) ፕሮግራሙ በየካርዱ ተራ በተራ ይናገራል። ድምፁን ሲሰሙ ኢንተር ይበሉ።

ምርጫዎቹ ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩን ጽፈው ኢንተር ነው። ያመለጠዎትን መስመር ደግመው ለመስማት በላፕቶፕ ካፕስ ሎክን ይዘው የአይ ፊደልን፣ ከሱ በፊት ላለው መስመር የዩ ፊደልን ይጫኑ፤ የቁጥር ሰሌዳ ካለዎት 8 እና 7 ያንኑ ይሠራሉ። ቋንቋውን እንግሊዝኛ ያድርጉ፣ ምክንያቱም አማርኛ ያለው በግራፊክሱ ማስጫኛ ብቻ ሲሆን የሚናገረው ግን የጽሑፉ ነው። የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ፓስወርድ ሲጠየቁ ባዶውን ይለፉት፤ የሱዶ መብት፣ ማለትም እንደ አስተዳዳሪ የማዘዝ መብት፣ ለእርስዎ አካውንት ይሰጣል። ሙሉ ዲስኩን ተጠቀም የሚለው ምርጫ ዊንዶውስንም ፋይሎችንም እንደሚያጠፋ አይርሱ።

ዴስክቶፕ ሲያስመርጥዎ ግኖምን አውጥተው ማቴን ያስገቡ። ማቴ ከግኖም 2 የተወለደ ነው፤ ሜኑው በኦልት ኤፍ1 ይከፈታል፣ ከኦርካ ጋርም በደንብ ይግባባል።

በመግቢያው ስክሪን ድምፅ ከሌለ ኤፍ4ን ይሞክሩ። ዴስክቶፑ ላይ ከጠፋ ኦልት ኤፍ2 ብለው ኦርካ የሚለውን በእንግሊዝኛ ትናንሽ ፊደላት ጽፈው ኢንተር። የኦርካ ማስተካከያ በኢንሰርትና ስፔስ ይከፈታል። ለኦርካ ድምፅ የሚሰጠው ኢስፒክ ኤንጂ አማርኛ ያነባል፤ አነባበቡ የማሽን ቢሆንም ይሰማል። ለአማርኛ የተለየ ፕሮፋይል ቢፈጥሩ ከእንግሊዝኛው ጋር በየጊዜው ከመቀያየር ያርፋሉ።

ከደቢያን 12 ወደ 13 ማሳደግ

ሰው በብዛት ድምፅ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። አፕግሬዱን በዴስክቶፑ ውስጥ አይጀምሩ፤ የኦርካ ክፍሎች እየተቀየሩ ሳለ ድምፁ ሊቋረጥ ይችላል። ከዴስክቶፑ ይውጡ፣ ኮንትሮል ኦልት ኤፍ3 ብለው በጽሑፍ ኮንሶል ይግቡ። ዴስክቶፑ ካልተዘጋ የድምፅ ካርዱን ይዞ ኢስፒክአፕን ዝም ሊያሰኘው ይችላል።

ኮምፒውተሩ 32 ቢት ብቻ ከሆነ እዚሁ ያቁሙ፤ ደቢያን 13 ለዚያ ዓይነቱ ማስጫኛም ከርነልም (የሲስተሙ እምብርት) የለውም።

ትእዛዞቹ እዚህ እንደሚነበቡ ነው የተጻፉት፤ እርስዎ በእንግሊዝኛ ትናንሽ ፊደላት ይጻፏቸው። መጀመሪያ «ሱዶ አፕት አፕዴት» (sudo apt update)፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት ፉል-አፕግሬድ» (sudo apt full-upgrade) ብለው 12ን ራሱን ያሟሉ፣ ኮምፒውተሩንም እንደገና ያስነሱ። ሲነሳ እንደገና በኮንትሮል ኦልት ኤፍ3 ወደ ጽሑፍ ኮንሶሉ ይግቡ። ከዚያ በኢቲሲ ስር፣ አፕት ፎልደር ውስጥ ያለውን የሶርስስ ሊስት ፋይል ናኖ በተባለው የጽሑፍ ማረሚያ በሱዶ ይክፈቱ (sudo nano /etc/apt/sources.list)። ኮንትሮልና ባክስላሽ ይጫኑ፣ የ12 መጠሪያ የሆነውን ቡክዎርም (bookworm) ጽፈው ኢንተር፣ የ13 መጠሪያ የሆነውን ትሪክሲ (trixie) ጽፈው ኢንተር፣ በመጨረሻ ለሁሉም ለማለት ኤ። በኮንትሮል ኦ እና በኢንተር ሴቭ ያድርጉ፣ በኮንትሮል ኤክስ ይውጡ። ከሌላ ድርጅት የጨመሯቸውን ምንጮች ለጊዜው ይዝጉ።

አሁን ሁለቱን ትእዛዞች በዚያው ቅደም ተከተል ይድገሙ። ንባቡ ድንገት ከቆመ ኮምፒውተሩን አያጥፉ። ብዙ ጊዜ የለውጥ ማስታወሻ ተከፍቶ እርስዎን እየጠበቀ ነው፤ የኪው ፊደልን ሲጫኑ ይቀጥላል። የቅንብር ፋይል ልቀይር ወይ ብሎ ከጠየቀ ኢንተር ሲሉ የነበረው ይቀራል። ያም ካልሠራ ኮንትሮል ኦልት ኤፍ4 ብለው ሌላ ኮንሶል ይክፈቱ፤ ባይሰሙም ስምዎንና ፓስወርድዎን አስገብተው «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ኢስፒክአፕ» (sudo systemctl restart espeakup) ይጻፉ። ለዚህ ትእዛዝም ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ደግመው ያስገቡት። ድምፁ ሲመለስ በኮንትሮል ኦልት ኤፍ3 ወደ ሥራዎ ይመለሱ።

ሲያልቅ ሪስታርት አድርገው በማቴ ይግቡ። ኦርካ መናገሩን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ» (sudo apt autoremove) ብለው የቀሩትን አሮጌ ፓኬጆች ያስወግዱ።