ከበርበሬ ዱቄት አፍላቶክሲን (የሻጋታ መርዝ) ሲወጣ፦ ችግርና መፍትሄ

የተለመደው አሠራር፦ 25 ግራም በርበሬ፣ 5 ግራም ጨውና 125 ሚሊ ሊትር ሜታኖል በውሃ (70 ለ30) ለ2 ደቂቃ በብሌንደር ይፈጫል፤ ይጠለላል፣ ይቀጥናል፣ በኢሚዩኖአፊኒቲ ኮለም (አፍላቶክሲኑን ነጥሎ የሚይዝ አንቲቦዲ ያለበት ቱቦ) ያልፋል፤ በመጨረሻም በኤችፒኤልሲ (ውህዶችን ለያይቶ በሚለካ ማሽን) ይለካል።

ሪከቨሪው (ከተጨመረው አፍላቶክሲን ተመልሶ የተገኘው ድርሻ) ከ70 በመቶ በታች ሲሆን

ማሽኑን አይነካኩ፤ አስቀድመው አፍላቶክሲኑ የት እንደጠፋ ይለዩ። ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ አፍላቶክሲን) በንጹሕ ፒቢኤስ (ፎስፌት ያለበት የጨው ውሃ) ውስጥ ጨምረው በኮለሙ ያሳልፉ። እዚህም ካነሰ ጥፋቱ ኮለሙ ላይ ነው፤ ደህና ከወጣ ግን ችግሩ ከበርበሬው ነው።

ኮለሙ ላይ ከሆነ፦ ከፍሪጅ ወጥቶ የክፍሉን ሙቀት ሳይዝ ሥራ ላይ ውሎ ይሆናል፤ ወይም መሃል ላይ ደርቋል፤ ወይም ፈሳሹ ተጣድፎ አልፏል። በሰከንድ ከ1 እስከ 2 ጠብታ በቂ ነው። አፍላቶክሲኑን ከኮለሙ በሜታኖል ሲያስለቅቁም ሜታኖሉን ወዲያው አይግፉት፤ ኮለሙ ውስጥ አንድ ደቂቃ ይቆይ፣ አለዚያ አንቲቦዲው የያዘውን ሁሉ አይለቅም።

በርበሬው ከሆነ፦ ቀለሙና ሌሎች ውህዶቹ አንቲቦዲውን ያውካሉ፣ ያልቀጠነ ሜታኖልም እንዲሁ። 10 ሚሊ ሊትር ጥላይ (የተጠለለው ፈሳሽ) 60 ሚሊ ሊትር ፒቢኤስ ላይ ይጨምሩ፤ ሜታኖሉ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። ፒቢኤሱ 1 በመቶ ትዊን 20 (ሳሙና መሰል ውህድ) ቢኖረው ቀለሙ በደንብ ይታጠባል። ከዚህ 35 ሚሊ ሊትር ማሳለፍ 1 ግራም በርበሬ ማሳለፍ ነው። ፈሳሹ ከደፈረሰ በመስታወት ፋይበር ማጥለያ እንደገና ያጥልሉ፤ ድፍርስ ፈሳሽ ኮለሙን ይደፍናል።

ቢ1 እና ጂ1 ብቻ ሲያንሱ

ቢ1፣ ቢ2፣ ጂ1 እና ጂ2 የአፍላቶክሲን ዓይነቶች ናቸው። ቢ2 እና ጂ2 ደህና ከሆኑ ኮለሙን አይጠርጥሩ። ውሃ በበዛበት ፈሳሽ ማሽኑ የሚለካው የቢ1 እና የጂ1 ብርሃን ይደክማል፤ የሚያጎላው የብሮሚን ሴሉ ወይም የዩቪ መብራቱ ነው፤ እሱን ይፈትሹ።

የአንድ ጆንያ ሁለት ናሙናዎች ሲለያዩ

ይህ የላብራቶሪ ስህተት ላይሆን ይችላል። ሻጋታ ጥቂት ዛላዎችን ብቻ ይይዛል፤ ጎረቤቱ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ከጆንያው ብዙ ቦታ ወስደው ሁሉንም በደቃቁ ፈጭተው ካዋሃዱ በኋላ ብቻ 25 ግራሙን ይመዝኑ። ጓንትና ጭንብል አይዘንጉ፤ የሚቦንነው ዱቄት ራሱ መርዝ ሊይዝ ይችላል።

ባዶው ናሙና (አፍላቶክሲን የሌለበት) ፒክ (የአፍላቶክሲን ምልክት) ሲያሳይ

ዕቃው በደንብ አልታጠበም። ብርጭቆውን በበረኪና ይዘፍዝፉ፣ ከዚያ ደጋግመው ያለቅልቁ፤ የበረኪና ትራፊ የቀጣዩን ናሙና አፍላቶክሲን ያጠፋል።