ቤት ውስጥ ሰው በአእምሮው ሲታመም የምንሰራቸው ስህተቶች (አብዛኛውን እኛም ሰርተነዋል)

ሀኪም አይደለሁም፣ እሱን ላስቀድም። የሂሳብ ሰራተኛ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ከሶስት አመት በፊት ታመመና ከዛ ወዲህ ዘመዱም የዘመዱ ጓደኛም «እናንተ እንዴት ነበር ያደረጋችሁት» እያለ ይደውልልኛል፣ የሚገርመው ደግሞ የሚደውለው ሰው ሁሉ ልክ እኛ የሰራነውን ስህተት መሃሉ ላይ ሆኖ ነው የሚደውለው። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

«ድካም ነው፣ ይተኛበታል»

ትልቁ ይሄ ነው። ወንድሜ አራት ሌሊት አልተኛም። አራት! ሳሎን ውስጥ ሲመላለስ ያድራል፣ ስልኩን «ይሰሙኛል» ብሎ በፎጣ ጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ ከተተው። እኛ ምን አልን? ፈተና ደርሶበት ነው። እናቴ ወተት በማር አፍልታ ሰጠችው፣ አባቴ ሳይንስ አብዝቶ አንብቦ ነው አለ፣ እኔ ደግሞ አፍሬ ነው የምናገረው፣ ስልኩን ከቲማቲሙ ጋር ሳየው ሳቅኩ። ሰው ሁለት ሶስት ሌሊት በተከታታይ ካልተኛና ያልነበረበትን ወሬ ማውራት ከጀመረ፣ ወይ ማንም የማይሰማውን ድምፅ ከመለሰ፣ ወይ ተመርዟል ብሎ ምግብ ካቆመ፣ ወይ ደግሞ በተቃራኒው ከአልጋ መነሳትና መታጠብ ካቃተው፣ መሄጃው ያን ቀን ነው። የሚቀጥለው ሰኞ አይደለም። አራስ ከሆነች ደግሞ አንድ ሌሊትም አይጠበቅም። ብቻዋን ስለተተወች ነው የለከፋት እየተባለ ከትራሷ ስር ብረት ሲደረግ ቀን ያልፋል፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚመጣ እንዲህ ያለ መዘባረቅ ግን ለእሷም ለህፃኑም አደገኛ ነው፣ ደስ የሚለው ደግሞ ቶሎ ከታከመ በደንብ የሚድን ነው።

«አማኑኤል? የኛ ልጅ?»

እኛ ሰፈር «አማኑኤል ግባ» ስድብ ነበር፣ ልጆች ሆነን ተሰዳድበንበታል። ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ያለ የአእምሮ ሆስፒታል ስለሆነ ስሙ ከህመሙ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል፣ በዚህ የተነሳ ቤተሰብ ሁለት ስህተት ይሰራል። አንደኛው ስሙን ፈርቶ ጭራሽ አለመሄድ ነው። ሁለተኛው ሌላ ቦታ የሌለ መምሰሉ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዘውዲቱም፣ ጳውሎስም፣ ጥቁር አንበሳም የአእምሮ ህክምና አላቸው። ክፍለ ሀገር ያላችሁ ጅማ፣ ጎንደር፣ ሀዋሳ፣ መቀሌ አይደር የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች አሉ። ብዙ ቦታ የምታገኙት ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሀኪም) ሳይሆን ሳይካትሪ ነርስ ነው፣ «ነርስ ናት እንጂ ዶክተር አይደለችም» ብላችሁ ተመልሳችሁ እንዳትወጡ፣ የዚህ አገር የአእምሮ ህክምና ለብዙ አመት የቆመው በእነሱ ጫንቃ ነው። አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ላይም የአለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ኤምኤች ጋፕ የሚባል ስልጠና የወሰዱ ባለሙያዎች አሉ፣ ጠይቁ። በጤና መድህን የሚታከም ከሆነ ሪፈር ስለሚያስፈልግ ወረቀቱን አስቡበት፣ ድንገተኛ ሲሆን ግን ወረቀት ፍለጋ ቀኑን እንዳታጠፉት። ሌሊት ከሆነ የትኛውም ቅርብ ያለ ሆስፒታል ኢመርጀንሲ ይሻላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

አንድ ነገር እዚህ ጋ፣ ሁሉም መቀባጠር የአእምሮ ህመም አይደለም። ትኩሳት ካለው፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከነበረ፣ ስኳር ካለበት፣ ከቆላ በቅርብ የተመለሰ ከሆነ፣ ወይም ደህና የነበረ ሰው በሰአታት ውስጥ ከተምታታበት መጀመሪያ ጠቅላላ ኢመርጀንሲ ነው የሚሄደው። ወባ ጭንቅላት ላይ ሲወጣ ሰውን ያስለፈልፋል፣ ማጅራት ገትርም እንደዛው። የሚጥል በሽታም ሌላ ነገር ነው። ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል።

ሰባት ሰው ይዞ መሄድ

እኛ በሁለት መኪና ነው የሄድነው። አጎቴ ከፊት፣ ትልቅ ሰው ነዋ። ሀኪሟ ስትጠይቅ አጎቴ መለሰ፣ ልጁ ጎበዝ እንደነበር፣ ከክፍሉ አንደኛ እንደሚወጣ፣ ቤተሰቡ ጨዋ እንደሆነ። አጎቴ ወንድሜን ካየው አምስት ወር ሆኖታል! አንዷ አክስቴ መተት ነው ትላለች፣ አባቴ ጫት ነክቶ አያውቅም ይላል፣ ይቅማል፣ እኔ አውቃለሁ፣ ግን አባቴ ፊት እንዴት ብዬ ልናገር። ሀኪሟ በመጨረሻ ሁላችንንም አስወጥታ «አብሮት የሚያድረው ማነው» አለች። እኔ ነበርኩ። ገብቼ ስለ ጫቱም ስለ ፍሪጁም ነገርኳት።

ስለዚህ አብሮት የሚኖረው ሰው ይሂድ፣ ከሱ ጋር አንድ አቅም ያለው ሰው ይበቃል። ከመውጣታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ጻፉ፣ መች ጀመረ፣ ስንት ሌሊት አልተኛም፣ ምን ይላል፣ ይቅማል ይጠጣል ያጨሳል ወይ፣ ድሮ እንዲህ ሆኖ ያውቃል ወይ፣ በቤተሰቡ የታመመ አለ ወይ (አያታችሁ «ጠፍተው የቀሩ» ከሆነ እሱም ታሪክ ነው)፣ ምን መድሃኒት ይወስዳል። መድሃኒቱን ከነእሽጉ ያዙት። መታወቂያም። ጫቱን ለመደበቅ ብላችሁ ዝም ካላችሁ ሀኪሙ ሌላ በሽታ ሲፈልግ ይውላል።

«ሰርግ አለ፣ ልበስ»

በውሸት አታውጡት። የጎረቤታችንን ልጅ ለቅሶ ነው ብለው ወስደዋት እስከዛሬ ከእናቷ ጋር መኪና ውስጥ አትገባም። እውነቱን በአጭሩ መናገር ይሻላል፣ «እንቅልፍ አጥተሃል፣ እኔ ፈርቻለሁ፣ ሀኪም ይይህ፣ አብሬህ ነኝ»። የሚያየውን ወይ የሚሰማውን ነገር ውሸት ነው ብላችሁ አትከራከሩት፣ እውነት ነው ብላችሁም አትመስክሩ፣ «ለኔ አይሰማኝም አንተ ግን እንደጨነቀህ ይገባኛል» ማለት ይቻላል። ይሄንን ያስተማረችኝ ሳይካትሪ ነርሷ ናት፣ መጀመሪያ ስሰማው የፊልም ነገር መስሎኝ ነበር፣ ግን ሰራ። ገመድና ሰንሰለትማ ምኑ ይወራል፣ ቁስል ነው ትርፉ፣ ቁስሉም ይመረቅዛል። ሰው ሊጎዳ ከሆነ ልጆቹን ከቤት አውጡ፣ ቢላውን ሰብስቡ፣ እሱ የሚሰማውን አንድ ሰው አስቀሩ፣ ካልሆነ ፖሊስ 991 ጥሩና መታመሙን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ሌባ መስሏቸው እንዳይመጡ።

ስለመሞት አለመጠየቅ

ይሄ ቤታችን ውስጥ በጣም የከበደው ነበር። ብንጠይቀው እናስታውሰዋለን ብለን ፈራን። እንደዛ አይደለም፣ መጠየቅ ሀሳቡን አይፈጥርም፣ እንደውም ብዙ ሰው ሲጠየቅ ይቀለዋል። ዙሪያ ጥምጥም ሳይሆን ቀጥ ብሎ፣ «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» አዎ ካለ አትቆጡ፣ «ሀጢአት ነው» ብላችሁ ስብከት አትጀምሩ፣ እሱን ከእናንተ በላይ ያውቀዋል። ብቻውን አትተዉት፣ ቤት ውስጥ ያለውን መድሃኒትና የእርሻ ኬሚካል ከቤት አውጡ ወይ ቆልፉ፣ የዛኑ ቀን ሀኪም ጋ። ይሄን የምታነበው ራስህ እንደዛ እያሰብክ ከሆነ ደግሞ ለአንድ ሰው፣ ጓደኛም ይሁን የንስሃ አባት፣ «ብቻዬን መሆን የለብኝም፣ ና» በለውና አብራችሁ ኢመርጀንሲ ሂዱ። ሌላውን ማብራሪያ እዛ ስትደርሱ ታወሩታላችሁ።

«ወይ ጠበሉን ወይ መድሃኒቱን»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሊቆጣኝ ነው። እናቴ ጠበል ወስዳዋለች፣ እኔም አብሬ ወርጃለሁ፣ እና አልቆጨኝም፣ ሰው ያገኘበትና ተስፋ የሰማበት ቦታ ነው። ስህተቱ መድሃኒቱን አስቁሞ መውሰድ ነው። ኤችአይቪ ላይ ይሄ ክርክር ተነስቶ ብዙ ሰው መድሃኒት አቁሞ ሲጎዳ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበሉም መድሃኒቱም አብሮ ይወሰዳል ብለው ነበር፣ ለዚህኛው የማይሰራበት ምክንያት አይታየኝም። ለሀኪሙ ደብቃችሁ አትሂዱ፣ ንገሩት፣ የመድሃኒቱን ሰአት ከጠበሉ ጋር አብሮ ያስተካክልላችኋል። በተለይ ሊቲየም የሚባለውን ስሜት ማረጋጊያ መድሃኒት የሚወስድ ሰው ሳይበላና ውሃ ሳይጠጣ ውሎ ቢያድር መድሃኒቱ ደሙ ውስጥ በዝቶ ይመርዘዋል። ረመዳን ላይም ያው ነው፣ ቁርአን የምታስነብቡም አስነብቡ፣ ኪኒኑን ግን አትጣሉ።

የጎረቤት ኪኒን

«እኔን ያስተኛኝ ይሄ ነው» ብላ ዲያዜፓም የምትሰጥ አክስት የሌላት ቤተሰብ አለ? ያስተኛል፣ ልክ ናት። ግን ህመሙን ሸፍኖ ያቆየዋል፣ ሱስም ያሲዛል፣ ከመጠጥ ጋር ከሆነ ትንፋሽ ይቀንሳል። የመጠጥ ነገር ከተነሳ፣ በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣን ሰው ቤት ቆልፋችሁበት በአንድ ቀን አታስቁሙት፣ በሁለተኛ ሶስተኛ ቀኑ መንቀጥቀጥና መቃዠት ሊመጣ ይችላል፣ እሱ ይገድላል፣ በሀኪም ነው የሚቆመው።

መርፌው ቀየረው ብሎ መሸሽ

ይሄን በደንብ አንብቡት ምክንያቱም ብዙ ቤተሰብ ተመልሶ የማይመጣው እዚህ ጋ ነው። ወንድሜ ሃሎፔሪዶል የሚባል የአእምሮ መድሃኒት ተጀምሮለት በሁለተኛው ቀን ማታ አንገቱ ወደ ጎን ተጠመዘዘ፣ መንጋጋው ተቆለፈ፣ አይኑ ወደላይ ተሰቀለ። እናቴ እሪ ብላ አለቀሰች፣ አክስቴ «ይኸው ወጣ፣ ተናገረ» አለች። መንፈስ አልነበረም። መድሃኒቱ ጡንቻ ላይ የሚያመጣው የታወቀ ጣጣ ነው፣ በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፣ ኢመርጀንሲ ወስደነው አንድ መርፌ ተሰጠውና በግማሽ ሰአት ውስጥ ተፈታ። ማንም አስቀድሞ አልነገረንም፣ እሱ ያናድደኛል እስካሁን። ስለዚህ መድሃኒት ሲጻፍላችሁ «ምን ሊያደርገው ይችላል፣ ምን ስናይ እንምጣ» ብላችሁ ሳትጠይቁ ከክፍሉ አትውጡ። መቀመጥ እስኪያቅት መቁነጥነጥ፣ የጡንቻ መድረቅ፣ ለሃጭ፣ መወፈር፣ ሁሉም መፍትሄ አለው፣ መጠኑ ይቀነሳል ወይ ይቀየራል። ሰውነቱ ግትር ብሎ ከፍተኛ ትኩሳት ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ኢመርጀንሲ ነው። የድብርት መድሃኒት ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚሰራው፣ ሁለት አራት ሳምንት ይፈጃል፣ በአምስተኛው ቀን «አልሰራም» ብሎ የሚጥለው ብዙ ነው። ተሽሎታል ብሎ ማቆምም ያው። ወንድሜ በአራተኛ ወሩ አቆመ፣ በስድስተኛው ተመልሰን ገባን። ያኔ ግን መንገዱን እናውቀው ነበር።

ውጭ ላላችሁ

አሜሪካ 988 ላይ (ራስን ስለማጥፋት ለሚያስብና ለጨነቀው ሰው የተዘጋጀ የእርዳታ መስመር ነው) ስትደውሉ አስተርጓሚ አለ፣ «Amharic» ማለት ነው፣ ለዚህ ግን መደወል ያስፈልጋል፣ በቴክስት አይሆንም። እዛው አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ በነጻ መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ የአስር አመት ልጃችሁን «እናትሽ መሞት ትፈልጋለች ወይ» የሚል ጥያቄ አታስተርጉሟት። ሌላው የተለመደው በህመሙ መሃል አውሮፕላን ላይ ጭኖ አገር ቤት መላክ ነው፣ መጀመሪያ ይረጋጋ፣ መድሃኒቱና የህክምና ወረቀቱ አብሮት ይምጣ። ከአረብ አገር ተመልሳ ቤት ዘግታ የምትቀመጥ እህት ያለቻችሁ ደግሞ «ብር ሳትይዝ ስለመጣች አፍራ ነው» ብላችሁ አትዝጉት፣ አዲስ አበባ ውስጥ አጋር ኢትዮጵያ የሚባለው ድርጅት እንደነሱ ያሉ ተመላሾችን ይረዳል።

አስታማሚዋ

እድራችን ለቀብር ድንኳኑን ይዞ በአንድ ሰአት ውስጥ ይደርሳል። ለዚህ ህመም ማንም አልመጣም፣ እኛም ለማንም አልነገርንም፣ በራችንን ዘግተን ለሶስት ሳምንት እናቴ ብቻዋን ነበር የምታስታምመው፣ ደም ግፊቷ 180 ገብቶ እሷም ልትወድቅ። በመጨረሻ አንዷን ጎረቤታችንን እትዬ ብዬ ጠርቼ ነገርኳት። ምንም አልጠየቀችም። በማግስቱ ሽሮ በድስት ይዛ መጣች፣ ወንድሜን «እንደምን ዋልክ» ብላ አጠገቡ ቁጭ አለችና እናቴን ሂጂ ተኚ አለቻት፣ እናቴም እስከ ማታ ተኛች።