ሁለት ባቡር ባንድ ሐዲድ፦ የሞዴል ባቡር ሽቦ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ባቡሩ አንድ ሲሆን ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ጣጣው የሚጀምረው ሁለተኛው ባቡር ሐዲዱ ላይ ሲወጣ ነው። ያኔ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ሎኮሞቲቩን መፍታት ይጀምራል። አትቸኩሉ። መጀመሪያ አንድ ነገር ለዩ፦ ችግሩ ባቡሩን ይከተላል ወይስ ቦታውን? ሌላ ሎኮሞቲቭ እዚያው ቦታ ላይ አስኪዱ። እሱም ከቆመ ጥፋቱ የሐዲዱ ወይም የሽቦው ነው። ያ አንዱ ብቻ በሄደበት ሁሉ የሚቆም ከሆነ ጎማውንና ውስጡን እዩ።

ሁለቱም አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ይቆማሉ

በተራው የ12 ቮልት ዲሲ (የባቡሩ ፍጥነት በሐዲዱ ቮልቴጅ በሚወሰንበት) ይህ ብልሽት አይደለም። ሐዲዱ ራሱ ሽቦ ስለሆነ ላዩ ላይ ያለ ሞተር ሁሉ ያንኑ ቮልቴጅ ያገኛል። መፍትሄው ሐዲዱን በብሎክ፣ ማለትም ለየብቻ ኃይል በሚያገኙ ክፍሎች፣ መከፋፈል ነው። በየብሎኩ ድንበር ሐዲዶቹን የሚያገጣጥመውን የብረት ማያያዣ አውጡና የፕላስቲክ አስገቡ። ለእያንዳንዱ ብሎክ ባለ ስድስት እግር ስዊች ይኑረው፣ መሃል ላይ ሲሆን የሚያጠፋውን ዓይነት። ወደ ላይ ሲሆን ብሎኩ ከአንደኛው ኮንትሮለር (የፍጥነት መቆጣጠሪያ ሳጥን) ይመገባል፣ ወደ ታች ሲሆን ከሁለተኛው።

ባቡሩ ድንበሩን ሲሻገር ኮንትሮለሩ ኃይል ከቆረጠ የአንዱ ብሎክ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገላብጧል ማለት ነው። ሁለቱንም ብሎኮች ባንድ ኮንትሮለር ላይ አድርጉ። ከዚያ የመልቲሜትሩን ጫፎች ባንድ በኩል ባለው ሐዲድ ላይ፣ ከክፍተቱ ወዲህና ወዲያ አስነኩ። ዜሮ ካነበበ ልክ ነው። ሙሉ ቮልቴጅ ካነበበ የአንዱን ብሎክ ሁለት ሽቦዎች አቀያይሩ።

በዲሲሲ (እያንዳንዱ ባቡር በራሱ አድራሻ በዲጂታል መልእክት በሚታዘዝበት ዘዴ) ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። አዲስ ዲኮደር (ሎኮሞቲቩ ውስጥ ሆኖ መልእክቱን የሚቀበለው ሰሌዳ) ሲመጣ አድራሻው 3 ነው። ሁለት አዲስ ሎኮሞቲቮች ካሏችሁ ሁለቱም በ3 ይታዘዛሉ። አንዱን ብቻ የፕሮግራም ሐዲድ (አድራሻ ለመቀየር የተለየ ሐዲድ) ላይ አውጥታችሁ ሌላ አድራሻ ስጡት። ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብትሰጡት ለማስታወስ ይቀላል።

ሩቅ ጫፍ ሲደርስ ይደክማል

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይሄ ነው። ኮንትሮለሩ ደህና፣ ባቡሩም ደህና፣ ግን ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይቀራል። 5 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሐዲድ በ0.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ተመግቧል እንበል። ሄዶ መመለሻው 10 ሜትር ነው፤ ሬዚስታንሱ 0.34 ኦም ገደማ ይሆናል። ባቡሮቹ 2 አምፔር ሲስቡ 0.7 ቮልት ያህል ይጠፋል። ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን የሚጠፋው 0.14 ቮልት ብቻ ነው። የላሉ የሐዲድ ማያያዣዎች ደግሞ ከዚህ የባሰ ይበላሉ።

ስለዚህ ከጠረጴዛው ሥር ወፍራም ዋና ገመድ ዘርጉ። በየአንድ ሜትሩ ቀጭን ቅርንጫፍ ሽቦ እያወጣችሁ ሐዲዱ ላይ በካውያ በይዱ። ማያያዣውን አትመኑ። ስትለኩ ባቡሩ እየሄደ ይሁን፤ ባዶ ሐዲድ ላይ ከረንት ስለማይፈስ ንባቡ ሁልጊዜ ጤነኛ ይመስላል።

በዲሲሲ አንድ ጥሩ ሙከራ አለ። ሳንቲም በሁለቱ ሐዲዶች ላይ አጋድሙ፤ ቡስተሩ (ለሐዲዱ ኃይል የሚሰጠው ዕቃ) ወዲያው መቁረጥ አለበት። ካልቆረጠ ሳንቲሙን ቶሎ አንሱ። እዚያ ያለው ሽቦ ቀጥኗል፣ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ሾርት ቢያደርግ ከቡስተሩ በፊት ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ዞሮ ባንድ መስመር ሲመለስ ይቆርጣል

ሐዲዱ ዞሮ ራሱ ላይ ሲገጥም ግራው ከቀኙ ይገናኛል። ያ ሾርት ነው። የዙሪያውን ሁለቱንም ሐዲዶች በሁለቱም ጫፍ በፕላስቲክ ማያያዣ ለዩ። የተለየው ክፍል ከረጅሙ ባቡራችሁ መርዘም አለበት፤ አለበለዚያ የፉርጎዎቹ የብረት ጎማ ሁለቱን ክፍተቶች ባንዴ ያገናኛል። በዲሲሲ አውቶሪቨርሰር የሚባለው ዕቃ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን ራሱ ይገለብጣል። በዲሲ ለዙሪያው የራሱን የአቅጣጫ ስዊች ስጡት፤ ባቡሩ እዚያ ውስጥ እያለ የዋናውን መስመር ገልብጡ።

የሐዲድ መቀየሪያ ላይ ይቆማል

የመቀየሪያው መስቀለኛ (ሁለቱ ሐዲዶች የሚቋረጡበት መሃል) ፕላስቲክ ከሆነ አጭር ሎኮሞቲቭ እዚያ ላይ ኮንታክት ያጣል። በዝግታ ስትነዱ ይብሳል። ሙሉ ብረት ከሆነና ሾርት ከፈጠረ፣ ከመስቀለኛው በኋላ ያሉትን ሁለት የውስጥ ሐዲዶች በፕላስቲክ ማያያዣ ለዩ፤ ኃይሉን ከምላሱ (ከሚንቀሳቀሰው ጫፍ) በኩል መግቡ።

ይንቀጠቀጣል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል

ቆሻሻ ነው። ኃይሉን አጥፉና ንጹህ ጨርቅ በአይሶፕሮፒል አልኮል ነክራችሁ ሐዲዱንም ጎማውንም ጥረጉ። የብርጭቆ ወረቀት አትጠቀሙ፤ የሚተወው ጭረት ቆሻሻ ይይዛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዲሲንና ዲሲሲን ባንድ ሐዲድ ላይ በስዊች ለማፈራረቅ ካሰባችሁ፣ የሁለቱ ድንበር ላይ ባቡር በጭራሽ እንዳይቆም አድርጉ። ጎማው ሁለቱን ካገናኘ ዲኮደሩም ኮንትሮለሩም ሊቃጠሉ ይችላሉ።