ሥራን ለውጭ ባለሙያ እንዴት እንደሚሰጡ፦ ለአነስተኛ ንግድ ባለቤቶች

አነስተኛ ንግድ የሚመራ ሰው ሥራውን ለውጭ ባለሙያ፣ ማለትም ሳይቀጠር በውል ለሚሠራ ሰው፣ መስጠት የሚያስበው ጊዜ ሲያጥረው ነው። ጊዜ ያጠረው ሰው ደግሞ ሥራውን በሁለት መስመር መልእክት ይልክና ወደ ሌላ ጉዳዩ ይዞራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያልጠየቀው ነገር ይመጣለታል፤ «ሰው ጠፋ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ግን በጽሑፍ የሰፈረ ትእዛዝ ነው።

የሚሰጠውን ሥራ ይለዩ

ለአንድ ሳምንት የሠሩትን ሁሉ ከፈጀው ደቂቃ ጋር ደብተር ላይ ይጻፉ። ለዚህ የሚሆኑ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ፤ ነገር ግን በሦስተኛው ቀን መክፈቱ ይረሳል፣ ደብተር ይሻላል። ሳምንቱ ሲያልቅ እያንዳንዱን ሥራ እንዲህ ይጠይቁ፦ ይደጋገማል? በትክክል መሠራቱን ውጤቱን ብቻ አይቼ ማወቅ እችላለሁ? ቢበላሽ ደንበኛ ሳያየው ማረም ይቻላል? ሦስቱንም ያለፈው በመጀመሪያ የሚሰጥ ሥራ ነው፤ የደረሰኝ ምዝገባ፣ የምርት ፎቶ ማስተካከል፣ ዕቃዎችን ድረ ገጽ ላይ መጫን። ዋጋ መወሰን፣ ከትልልቅ ደንበኞች ጋር መነጋገርና ክፍያ ማዘዝ በእጅዎ ይቆዩ።

ያዋጣ እንደሆነ ሲያሰሉ የራስዎን ሰዓት አይርሱ። በወር 12 ሰዓት የሚፈጅብዎትን ሥራ ሰጥተው ማስረዳቱና ማረሙ 5 ሰዓት ከፈጀብዎት፣ የተረፈዎት 7 ሰዓት ነው። ክፍያውን ማካፈል ያለብዎት ለ12 ሳይሆን ለ7 ነው።

ትእዛዙን ይጻፉ

ነገሩ ሁሉ የሚበላሸውም የሚቃናውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ሥራው ለምን እንደሚፈለግ፣ እርስዎ ምን እንደሚያቀርቡ፣ ምን እንደሚረከቡ፣ ምን እንዳልተካተተ፣ ርክክቡ መቼ እንደሆነና ሥራው «አለቀ» የሚባለው ምን ሲሟላ እንደሆነ ይኑርበት።

ሎጎን እንውሰድ። «ቆንጆና ዘመናዊ ሎጎ» የሚል ትእዛዝ ምንም አይናገርም። ይህን ያነጻጽሩ፦ «ማሸጊያ ካርቶን ላይ በአንድ ቀለም የሚታተም፣ በ2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ጽሑፉ የሚነበብ፤ ርክክቡ በኤስቪጂ፣ በፒዲኤፍ እና ጀርባው ባዶ በሆነ 2000 ፒክስል ስፋት ባለው ፒኤንጂ ፋይል፤ የተጠቀሙበት የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ስምና የአጠቃቀም ፈቃዱ አብሮ ይቅረብ።» ጄፒጂ (ተራ የፎቶ ፋይል) ብቻ የተረከበ ሰው ትልቅ ባነር ሊያሳትም ሲሄድ ምስሉ ይፈረካከሳል። ማተሚያ ቤቱ የቬክተር ፋይል (እንደ ኤስቪጂ ያለ፣ ሲሰፋ ጥራቱ የማይቀንስ) ይጠይቀዋል፤ ዲዛይነሩ በዚያን ጊዜ ካልተገኘ ሎጎው እንደገና ተስሎ እንደገና ይከፈልበታል።

«ጥራት ያለው»፣ «ሳቢ»፣ «ቶሎ» የሚሉትን ቃላት ከትእዛዙ ያውጡ። በቦታቸው የወደዷቸውን ሁለት ናሙናዎችና ያልወደዱትን አንድ ያያይዙ፤ ለምን እንደሆነም በአንድ አንድ መስመር ይግለጹ። የማይፈልጉትን ማሳየት ብዙ ጊዜ ከሚፈልጉት በላይ ይረዳል።

የ«አለቀ» መለኪያው በሚቆጠር ነገር ይቀመጥ። ለምዝገባ ሥራ ለምሳሌ፦ «ከ500 ደረሰኝ 25ቱን በዕጣ አውጥቼ አያለሁ፤ ከ1 በላይ ስህተት ከተገኘ ሁሉም እንደገና ይታያል።» ያልተካተተውን መጻፍም እንዲሁ ያስፈልጋል። ድረ ገጽ የሚያሠሩ ሰዎች የሚጣሉት በአብዛኛው ጽሑፉንና ፎቶውን ማን ያቅርብ በሚለው ላይ ነው።

የእርማት ዙርም ይገደብ፤ ሁለት ይበቃል። አንድ ዙር ማለት አስተያየቱ ሁሉ በአንድ ሰነድ ተሰብስቦ፣ በአንድ ሰው በኩል፣ አንድ ጊዜ የሚላክ ማለት ነው። ባለቤቱ ጠዋት የድምፅ መልእክት ልኮ፣ ሸሪኩ ከሰዓት ደውሎ፣ ማታ ደግሞ «አንዲት ነገር ረሳሁ» ከተባለ ስንተኛው ዙር ላይ እንዳሉ ማንም አያውቅም።

ለሚደጋገም ሥራ ደግሞ ሲሠሩት የኮምፒውተርዎን ስክሪን ለ10 ደቂቃ ቀርጸው ይላኩ፤ የአሠራሩን መመሪያ ግን ባለሙያው ራሱ ጽፎ ይመልስልዎት። ያልገባው ነገር ስህተት ሆኖ ከመምጣቱ በፊት ጽሑፉ ላይ ይታያል። መመሪያውም ለሚቀጥለው ሰው ይቀራል።

በትንሽ ሥራ ይፈትኑ

ለሦስት ሰዎች ከእውነተኛው ሥራ የተቆረጠ፣ ከ2 እስከ 3 ሰዓት የሚፈጅ አንድ ዓይነት ፈተና ይስጡ፤ ይክፈሉበትም። በነፃ አሳዩኝ ሲባል ሥራ ያለው ሰው ይሄዳል፣ የሚቀርልዎት ሥራ የሌለው ነው። ከትእዛዙ ውስጥ ሆነ ብለው አንድ አስፈላጊ ነገር ያጉድሉና ማን እንደሚጠይቅ ይመልከቱ። ሳይጠይቅ በግምት የሞላው ሰው ነገም በግምት ይሞላል። ምንም ሳይጠይቅ ወዲያው ዋጋ የሚጠራም ትእዛዙን አላነበበም ማለት ነው። የቀድሞ ሥራዎቹን ሲያሳይ «ከዚህ ውስጥ የእርስዎ ድርሻ የቱ ነው?» ይበሉ፤ ብዙዎቹ በቡድን የተሠሩ ናቸው።

ክፍያና ባለቤትነት

ውጤቱን በትክክል መጻፍ ከቻሉ በቁርጥ ዋጋ ይስማሙ። እንደ ብልሽት ፍለጋ ያለውን ግን በሰዓት፣ ጣሪያ አበጅተው፦ «ከ6 ሰዓት በላይ ከመሄድዎ በፊት ይጠይቁኝ።» ለቁርጥ ሥራ 30 በመቶ ሲጀመር፣ 40 በመቶ የሚታይ ግማሽ ሥራ ሲቀርብ፣ 30 በመቶ ከርክክብ በኋላ መክፈል ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። የመጨረሻውን በቀኑ ይክፈሉ፤ ጎበዝ ባለሙያ የሚያጓትት ደንበኛን ወደ ወረፋው መጨረሻ ይገፋል።

በብዙ አገሮች ሕግ በኮንትራት ያሠሩት ሥራ የቅጂ መብት በጽሑፍ ካልተላለፈ ከሠሪው ጋር ይቀራል፤ መክፈል ብቻውን አያስተላልፈውም። ስለዚህ ውሉ ውስጥ «የመጨረሻው ክፍያ ሲፈጸም የሥራው መብት ከምንጭ ፋይሎቹ ጋር ለአሠሪው ይተላለፋል» የሚል ሐረግ ይግባ፤ የምንጭ ፋይል ማለት ሥራው የተሠራበት፣ በኋላም ሊታረም የሚችለው ዋና ፋይል ነው።

ከዚህ የባሰው የአካውንት ጉዳይ ነው። የድረ ገጹ ዶሜይን (የኢንተርኔት አድራሻው)፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾችና የማስታወቂያ አካውንቶች በእርስዎ ኢሜይል ይከፈቱ፤ ባለሙያው እንደ ተጠቃሚ ይጨመር። ዶሜይኑ በሠሪው ስም ከተመዘገበ፣ በተጣሉ ቀን የንግድዎ ስም በእሱ እጅ ነው። የይለፍ ቃል በመልእክት አይላኩ፤ እንደ ቢትዋርደን ባለ የይለፍ ቃል መያዣ መተግበሪያ ያጋሩ። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ኮዱም ወደ እርስዎ ስልክ ይምጣ። ሒሳብ ለሚመዘግብ ሰው የባንክ ሒሳቡን የማየት ፈቃድ ብቻ ይበቃዋል፤ የሚመዘግበውና የሚከፍለው አንድ ሰው ሲሆን ጉድለትን መደበቅ ቀላል ይሆናል።

ክትትል

ሥራው 10 በመቶ ሲደርስ ይመልከቱ፤ ከ100 ዕቃ የመጀመሪያዎቹን 10 አይቶ ማረም የመቶውን ድካም ያድናል። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት መስመር ይበቃል፦ ምን አለቀ፣ ምን ቀጠለ፣ ምን አስቸገረ። የርክክቡን ቀን በእርግጥ ከሚያስፈልግዎት ከ4 እስከ 5 ቀን ቀደም ያድርጉት። ስህተት ሲያገኙ ዝም ብለው ራስዎ አያርሙ፤ ጽፈው ይመልሱ፣ ያለዚያ በየወሩ ያው ስህተት ይመጣል። ቀድሞ ሳያሳውቅ ሁለት ቀጠሮ ያለፈ ሰው ሦስተኛውንም ያልፋል፤ የተከፈለበትን ተረክበው ያቁሙ።

የሥራ ሰዓቱንም፣ መሣሪያውንም፣ አሠራሩንም እርስዎ የሚወስኑለት ሰው ግን በብዙ አገሮች የሥራና የግብር ሕግ ተቀጣሪ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ውሉ ከመታደሱ በፊት የሒሳብ ባለሙያ ወይም ጠበቃ ያማክሩ።

ለባለሙያው የከፈቱለትን አካውንት ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ዝርዝር ይያዙ። ሥራው ባለቀበት ዕለት ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች እየሄዱ ይዝጉ፤ የጋራ የይለፍ ቃል የነበረው ካለ በዚያው ቀን ይቀየር።