ፍንዳታ ሰውነትን እንዴት ነው የሚጎዳው፣ እዛው አጠገብ ካላችሁስ ምን ታደርጋላችሁ

ፍንዳታ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን እሳቱ ነው። እሳቱ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም፣ ግን ቆዳው ላይ ጭረት እንኳን የሌለበት ሰው ሳንባው ውስጥ ተጎድቶ ከሰዓታት በኋላ ሊወድቅ ይችላል፣ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው ምክንያቱም ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ነገር በሃይል ሲፈነዳ ዙሪያው ያለው አየር በአንዴ ይታመቅና ከድምፅ ፈጥኖ ይመጣል። ይሄ ግፊት በጣም የሚጎዳው ውስጣቸው አየር ያለባቸውን የሰውነት ክፍሎች ነው፣ ጆሮ፣ ሳንባ፣ አንጀት። የጆሮ ታምቡር ስስ ስለሆነ በቀላሉ ይቀደዳል፣ ሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ደግሞ ይቀደዱና ደም ይገባባቸዋል። ቦታው ዝግ ከሆነ፣ ክፍል ወይም አውቶቡስ ውስጥ ማለቴ ነው፣ ግፊቱ ግድግዳ እየመታ ስለሚመለስ ጉዳቱ በጣም ይብሳል። ከዛ ፍንጣሪው አለ፣ ብረት፣ ድንጋይ፣ መስታወት፣ እሱ ከግፊቱ በላይ ርቆ ስለሚሄድ ሰው የሚጎዳው በአብዛኛው በሱ ነው። አንዳንዱን ደግሞ ግፊቱ አንስቶ ግድግዳ ላይ ይጥለዋል፣ አጥንት ይሰበራል ጭንቅላት ይመታል። ቃጠሎው፣ ጭሱና የሚደረመሰው ግንብ በዚህ ሁሉ ላይ ነው የሚጨመረው።

ስለ መስኮት ትንሽ ልቆይ። ብልጭታ ወይም ትልቅ ጭስ ካያችሁ ለማየትም ቪዲዮ ለመቅረፅም ብላችሁ መስኮት ጋ እንዳትሄዱ። ብርሃኑ ወዲያው ይታያል፣ ግፊቱ ግን እንደ ርቀቱ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። በፈረንጆቹ 1917 ካናዳ ሃሊፋክስ ወደብ ላይ መርከብ ሲቃጠል ሰው በመስኮት ቆሞ እያየ ነበር፣ መርከቡ ሲፈነዳ መስታወቱ ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ ብዙዎች ታወሩ። በፈረንጆቹ 2013 ሩሲያ ቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ የጠፈር ድንጋይ ሲፈነዳ ሰው ብርሃኑን አይቶ መስኮት ጋ ተሰበሰበ፣ ግፊቱ የደረሰው ከ2 ደቂቃ በኋላ ነው፣ ከ1,000 በላይ ሰው ተጎዳ፣ አብዛኛው በመስታወት። በፈረንጆቹ 2020 ሊባኖስ ቤይሩት ወደብ ላይ በደረሰው ፍንዳታም ያው ነው የሆነው። ስለዚህ ከመስኮት ራቁ፣ በሆዳችሁ ተኙ፣ ፊታችሁን ወደ መሬት አድርጉ፣ ጭንቅላትና ጆሯችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ፣ አፋችሁን ትንሽ ክፈቱ።

ካለፈ በኋላ ለመርዳት ዘላችሁ ከመግባታችሁ በፊት ዙሪያውን እዩ። የጋዝ ሽታ ካለ ክብሪት አትጫሩ መብራትም አታብሩ አታጥፉም። ሊደረመስ የደረሰ ግንብ ስር አትግቡ፣ ሁለተኛ ፍንዳታ ሊኖር ስለሚችል መንቀሳቀስ የሚችለውን ሰው ቶሎ ከቦታው አርቁት። ከዛ መጀመሪያ ደም። እየተንዠቀዠቀ ያለ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፣ ንፁህ ጨርቅ አድርጋችሁ በሁለት እጅ በደንብ ጫኑት፣ ቆመ አልቆመ እያላችሁ ቶሎ ቶሎ አታንሱት። እጅ ወይም እግር ላይ ሆኖ አልቆምም ካለ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር በላይ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ በሰፊ ጨርቅ እሰሩና እንጨት አስገብታችሁ ደሙ እስኪቆም አጥብቁት፣ በጣም ያማል፣ ይጮሃል፣ ቢሆንም እንዳትፈቱት፣ ያሰራችሁበትን ሰዓት ፃፉ። የተሰካ ብረት ወይም መስታወት አትንቀሉ፣ ደሙን አፍኖ የያዘው እሱ ሊሆን ይችላል፣ እንዳይነቃነቅ ብቻ ዙሪያውን በጨርቅ ደግፉት። ቃጠሎን 20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በረዶ አይሆንም፣ ቅባትም አይሆንም።

አሁን ወደዛ ቆሞ ወደሚሄደው ሰው ልመለስ። አቧራ ለብሶ "ደህና ነኝ ደህና ነኝ" እያለ ይጮሃል፣ የሚጮኸው ጆሮው ስለማይሰማለት ነው፣ ከኋላው ብትጠሩት ዝም ይላችኋል፣ ፊት ለፊቱ ቁሙና በእጃችሁም እያሳያችሁ አናግሩት። ትንፋሽ ያጥረዋል ወይ? ያስለዋል? ደረቱን ወይ ሆዱን ያመዋል? አክታው ደም አለው? ያስመልሰዋል? አንዱ እንኳን ካለ አስቀምጡት፣ አይሩጥ፣ ሰው አይሸከም፣ ሆስፒታል ይሂድ፣ ሃኪሙም ፍንዳታ አጠገብ እንደነበረ፣ ክፍሉ ዝግ ወይ ክፍት እንደነበር ይነገረው። ጆሮው ምንም አልሆነም ማለት ሳንባው ደህና ነው ማለት አይደለም። ምልክቱ ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል ቤቱ ከሄደም ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 2 ቀን ብቻውን አይደር።

ጆሮው ከደማ ጠብታም ዘይትም እንዳታስገቡ፣ ውሃ አይግባበት፣ ሃኪም ይየው። ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይገጥማል።